ኮሮላ መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ውሃ ይጨርሳል፤ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስወረዴ በፊት ምን ላስፈትሽ?

ኮሮላ_98
ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው የ1998 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 1.6፣ 4ኤ-ኤፍኢ። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እጨምራለሁ፤ የቆመበት መሬት ግን ደረቅ ነው። ከተማ ውስጥ የሙቀት ጌጁ ከመሀል አያልፍም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን ከፍ ይላል፣ ሲቆም ደግሞ በመጠባበቂያው ዕቃ በኩል ይገነፍላል። ሲቀዘቅዝም መጠባበቂያው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ራዲያተር አይመለስም። ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ጭስ የለም። ውስጡ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። አንድ መካኒክ ሳይፈትሽ «ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይውረድ» አለ (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው)፤ ሌላው «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» አለ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ)። ከየት ልጀምር?

የጋራዥ_ሰው
ቴስታታው ለጊዜው አይነካ። የነገርከን ምልክት መጀመሪያ የሚጠቁመው የራዲያተር ክዳኑን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው ግን 93 ላይ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ሲኖር እዚሁ አዲስ አበባ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ባሕር ዳርቻ ላይ ምንም የማያሳይ ደካማ ክዳን እኛ ጋ ሞተር የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ በስፕሪንግ ግፊት ይይዛል፤ መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ከመጠባበቂያው ውሃ ታስመልሳለች። ያንተ ውሃ የማይመለሰው ወይ ትንሿ በዝገት ተጣብቃ ነው፣ ወይ ወደ መጠባበቂያው የምትሄደው ቀጭን ጎማ ተሰንጥቃ አየር እየሳበች ነው። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈት፦ ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ትንሿ ቫልቭም በጥፍር ስትሳብ ተከፍታ ካልተመለሰች ቀይረው። በላዩ የተጻፈውን ቁጥር እይና ያንኑ ግዛ። 0.9 የነበረውን በ1.1 መቀየር ያረጀውን የራዲያተር ፕላስቲክ ማስጨነቅ ነው።

ራዲያተር_ጥገና
ስለ ክዳኑ እስማማለሁ፣ ግን ክዳን ቀይሮ ማቆም አይበቃም። ደካማ ክዳን ግፊት ስለማያስይዝ ሌላውን ቀዳዳ ይደብቃል፤ አዲሱ በገባ ማግስት ራዲያተሩ ማፍሰስ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው። መሬቱ ደረቅ መሆኑም ማስረጃ አይሆንም፤ ትኩስ ብረት ላይ የወደቀ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይተናል።

በግፊት ይፈተሽ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ራዲያተሩ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በእጅ ፓምፕ እስከ 0.9 ባር ይነፋና 15 ደቂቃ ይቆይ። የግፊት መለኪያው ቀስት ከወረደ በባትሪ መብራት እነዚህን ተከታተል፦ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተቆለመመበት ጠርዝ፣ የላይኛውና የታችኛው ጎማ አፍ፣ ወደ ሂተር የሚሄዱት ሁለት ጎማዎች፣ ቤንዚን መርገጫው የሚከፍተው አካል ሥር ያሉት ቀጫጭን ጎማዎች (እነዚህን ብዙ ሰው ይረሳል)፣ ከዚያ የውሃ ፓምፑ። ፓምፑ ከዘንጉ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ከእሷ የወረደ ነጭ ወይም የዝገት መስመር ካየህ ውስጡ ያለው ማሸጊያ አልቋል ማለት ነው፣ ፓምፑ ከነጎማ ቀለበቱ ይቀየራል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ከነበረ የብረት ቧንቧዎቹንም ዳስስ፤ ከውስጥ ተበልተው በጣት የሚበሱ አሉ።

ውጭ ምንም ካልተገኘና ቀስቱ ከወረደ የመሀሉን ምንጣፍ ሥር ንካ። እርጥብ ከሆነ ወይም ሂተር ሲከፈት መስታወቱ በጉም ከተሸፈነ የሂተሩ ራዲያተር ነው።

የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ላይ ማጣበቂያ አትለጥፍ፣ ሙቀትና ግፊት ሲፈራረቅበት ይነሳል። ማሸጊያ ዱቄትም አትጨምር፤ ቀዳዳውን ሳይሆን የሂተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል።

ካንዴላ
ጓርኒሲዮኑን ሳይፈቱ መለየት ይቻላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ፤ ገና ሳይሞቅ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ከሲሊንደር የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በራዲያተር አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ የጋዝ መፈተሻ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተቀየረ ያረጋግጠዋል። አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጡትን) አውጥተህ አስተያይ፤ አንዷ ብቻ ታጥባ እንደወጣች ከነጣች ያ ሲሊንደር ውሃ ይጠጣል። በዘይት ክዳን ሥር ያለ ስስ ነጭ ቅባት ግን በክረምት አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ስለሚታይ ብቻውን ማስረጃ አይሁን።

በመጨረሻ ቴስታታው ቢወርድ እንኳ ጓርኒሲዮን ቀይሮ መልሶ መግጠም ብቻ አይበቃም። ፊቱ በቀጥ ብረትና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ይለካ፤ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ ይላጭ። ብሎኖቹ በቅደም ተከተላቸው በ29 ኒውተን ሜትር ከታሰሩ በኋላ ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ ይዞራሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው እንዳያስረው።

ኮሮላ_98
በጣም ጠቅሞኛል። ቴርሞስታቱስ? ሲሞላስ አየሩ እንዴት ይወጣል?

የጋራዥ_ሰው
ቴርሞስታቱ አይውጣ። በዚህ ሞተር ላይ ሲከፈት የአቋራጩን መንገድ አብሮ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ ዳገት ላይ የባሰ ይሞቃል። ከተጠራጠርክ ውሃ ውስጥ ቀቅለህ ሲከፈት እይ። ስትመልሰው ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

የዛገውን ውሃ አፍስስ፣ ጥርት እስኪል እጠብ። የሚይዘው 6 ሊትር ገደማ ስለሆነ 3 ሊትር ያልተበረዘ ኩለንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከ3 ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅል። ለባትሪ ከሚሸጠው ስትገዛ የተጣራ ውሃ መሆኑን አንብብ፤ አሲዱም ጎን ለጎን ይሸጣል። «ዝግጁ» የሚለውን ኩለንት አትበርዝ፣ ቀይና አረንጓዴም አትደባልቅ።

አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁመው፣ ሂተሩን ሙሉ ሙቅ ላይ አድርግ፣ ቀስ እያልክ ሙላና ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሳ። ሲጎድል ጨምር። ፋኑ እስኪነሳ ግን አትጠብቅ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ራዲያተር እዚያ ሙቀት ሲቃረብ ሊገነፍልብህ ይችላል። የታችኛው ጎማ መሞቅ ሲጀምር ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ያኔ በጨርቅ ይዘህ ክዳኑን ዝጋ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሲጠፋ አጥፋው፤ በማግስቱ ጠዋት ራዲያተሩን ከፍተህ የጎደለውን ሙላ፣ መጠባበቂያውንም እስከ ላይኛው መስመር።