በየ30 ደቂቃው የቀጠሮ ሰዓት ስደረድር ሁሉም መስመር 18፡00 ይሆንብኛል

ታቦር_ኮድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላለ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ በጃቫስክሪፕት እየሠራሁ ነው። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል፤ ከ6፡00 እስከ 7፡30 ምሳ ነው። አንድ የዴት ኦብጀክት (ቀንና ሰዓት የሚይዝ) ይዤ በሉፕ (በድግግሞሽ) 30 ደቂቃ እየጨመርኩ አሬይ (ዝርዝር) ውስጥ ሳስገባው ሁሉም መስመር 18፡00 ይላል፤ የመዝጊያው ሰዓት በፈረንጅ ማለት ነው። በቱአይኤስኦስትሪንግ (ዴቱን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው ትእዛዝ) ሳወጣው ደግሞ 15፡00 ይሆናል። ምን ላድርግ?

አሞራ_ገደል፦
ደቂቃ የምትጨምርበት ትእዛዝ፣ ሴትሚኒትስ፣ ያንኑ ኦብጀክት ነው የሚቀይረው። አሬይህ ውስጥ ያሉት 20 መስመሮች በሙሉ ወደ አንድ ኦብጀክት ስለሚያመለክቱ የመጨረሻውን ዋጋ ያሳያሉ። የጎደለው 3 ሰዓት ደግሞ ቱአይኤስኦስትሪንግ ሁልጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚጽፍ ነው፤ እኛ ዩቲሲን በ3 ሰዓት እንቀድማለን።

ለዚህ ሥራ ዴት ጭራሽ አያስፈልግም። ከእኩለ ሌሊት ጀምረህ በደቂቃ ቁጠር፦ መክፈቻ 480 (በፈረንጅ 8፡00)፣ መዝጊያ 1080 (18፡00)፣ ምሳ ከ720 እስከ 810። ሉፑ ከ480 ተነስቶ 30 እየጨመረ ይሂድ። በሰዓት ክፍልፋይ ግን እንዳትደምር። 0.5 ችግር የለውም፤ ነገ 20 ደቂቃ አድርግልን ሲሉህ ግን አንድ ሦስተኛ በትክክል ስለማይያዝ ድምሩ ይዛነፍና መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ሊጎድል ወይም ሊተርፍ ይችላል። ስታሳይ ለ60 አካፍል፤ ቀሪው ደቂቃው ነው። ደቂቃውን በፓድስታርት (ከፊት 0 በሚጨምረው ትእዛዝ) ሁለት አሃዝ አድርገው፣ አለዚያ 8፡00 በ8፡0 ይወጣል።

ፒያሳ_ዌብ፦
ማቆሚያው ላይ ልጨምር። «መነሻው ከ1080 ያነሰ» ማለት አይበቃም፤ መነሻው ከሕክምናው ርዝመት ጋር ተደምሮ ከ1080 መብለጥ የለበትም። ለ45 ደቂቃ ሕክምና የመጨረሻው መነሻ 1020 ነው፤ 1050 ቢፈቀድ ሐኪሙ ከመዝጊያ በኋላ 15 ደቂቃ ይቆያል። ለምሳም መነሻው ከ810 አንሶ ማብቂያው ከ720 ከበለጠ ይዝለለው። በ690 የሚጀምር የ45 ደቂቃ ቀጠሮ 735 ላይ ስለሚያልቅ ምሳ ውስጥ ይገባል፤ መነሻውን ብቻ ካየህ ያመልጥሃል። ለ30 ደቂቃ በትክክል 17 መስመር መውጣት አለበት።

ታቦር_ኮድ፦
17 ወጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ለታካሚዎች በእኛ አቆጣጠር ማሳየት እፈልጋለሁ። ዳታቤዝ ውስጥስ የቱን ላስቀምጥ?

አሞራ_ገደል፦
ዳታቤዝ ውስጥ ደቂቃው ብቻ ይግባ። ስታሳይ ሰዓቱ ላይ 6 ደምረህ ለ12 አካፍልና ቀሪውን ውሰድ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ጻፍ። 8 ሲደመር 6 ይሆናል 14፣ ቀሪው 2። አጠገቡ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን አትተው፤ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ሰው 2፡00ን ብቻውን ሲያይ ከምሳ በኋላ ሊመጣ ይችላል። የብሮውዘሩን የሰዓት መምረጫ አትጠቀም፣ የሚያሳየው የፈረንጁን ነው። ዝርዝሩን በሴሌክት (በተቆልቋይ መምረጫ) አቅርበው።

ፒያሳ_ዌብ፦
የዳታቤዙ ቴብል (ሠንጠረዥ) ላይ ቀን፣ ሐኪምና መነሻ ደቂቃ አንድ ላይ ዩኒክ (የማይደገሙ) ይሁኑ። የተያዘውን ሰዓት ከገጹ መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሰዎች ገጹን እኩል ከፍተው ያንኑ 3፡30 ሊይዙት ይችላሉ።