6 ጊጋ ሳታ ወይስ 3500 ኤንቪኤምኢ? የጌሚንግ ላፕቶፕ ስቶሬጅ ስለመቀየር

ሙጋድ_ጌመር (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ላፕቶፔ አይ5-10300ኤች ነው፣ ራሙ 16 ጊጋ። ዊንዶውስ ያለበት 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እና ጌሞቹ ያሉበት 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለው። ሲ ድራይቭ ሞልቶ ቀይ ሆኗል፤ ጂቲኤ 5 ከፍቼ አቦል ጠጥቼ ስመለስ ገና ሎድ እያደረገ ነው። ፒያሳ ሁለት ዕቃ አሳይተውኛል፣ ሁለቱም 1 ቴራ። አንዱ ኤም ዶት 2 ሳታ ነው፣ ካርቶኑ ላይ «6 ጊጋ በሰከንድ» ይላል። ሌላው ኤንቪኤምኢ ጄን 4 ነው፣ «3500» ይላል። 3500 ሜጋ ማለት 3.5 ጊጋ አይደል? ታዲያ 6ቱ አይበልጥም ወይ? ሳታው ደግሞ በትንሽ ይረክሳል። ወይስ ኮምቦልቻ ወርጄ ሌላ ልፈልግ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ለዚህ ብለህ ሐረጎን አትውረድ። ግራ ያጋባህ ካርቶኑ ነው። ሳታና ኤንቪኤምኢ ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የሳታው 6 ጊጋቢት ነው፣ የኤንቪኤምኢው 3500 ግን ሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው፤ ሳታ ደግሞ እያንዳንዱን 8 ቢት በ10 ቢት ጠቅልሎ ስለሚልክ 6 ጊጋቢቱን ለ10 ታካፍለዋለህ፣ 600 ሜጋባይት ይሆናል። በተግባር የምታገኘው 550 አካባቢ ነው። ስለዚህ 550 እና 3500ን ነው የምታወዳድረው።

ሌላው፣ «ኤም ዶት 2» የቅርጽ ስም ነው እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። ላዩ ላይ 2280 ካለ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይነግርህም። ዕቃውን በእጅህ ይዘህ ወርቃማ ጥርሱን እየው። አንድ ቦታ ብቻ ከተሰነጠቀ በአብዛኛው ኤንቪኤምኢ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ከተሰነጠቀ አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሁለት ስንጥቁ ሳታ በማንኛውም የዲስክ ስሎት (መሰኪያ) ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ስሎቱ ሳታ የማይቀበል ከሆነ ግን ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) ጭራሽ አያየውም። ሻጩም «ገብቷል እኮ» ይልሃል።

አሁን ስለ ጄን፣ ትውልድ ማለት ነው። ኤንቪኤምኢ ዳታ የሚያሳልፍበት ፒሲአይኢ የሚባለው መንገድ በጄን 3 በአንድ መስመር በሰከንድ 985 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ኤንቪኤምኢ በ4 መስመር ሲሠራ 3.9 ጊጋባይት ይሆናል፤ 3500 የሚለው ቁጥር የሚመጣው ከዚያ ነው። ጄን 4 ያንን በእጥፍ ያደርገዋል፣ 7000 የሚሉት ለዚህ ነው። ያንተ ፕሮሰሰር 10ኛ ትውልድ ስለሆነ ከጄን 3 አያልፍም፤ በኢንቴል ላፕቶፕ ጄን 4 የመጣው በ11ኛው ነው። ጄን 4 ዲስክ ብትገዛ ይሠራል፣ በጄን 3 ፍጥነት ብቻ። ያሳዩህ ዕቃ ራሱ 3500 ስለሆነ የሚባክን ነገር የለም። ለ7000 ግን አንድ ብር አትጨምር።

እውነቱን ለመናገር ለጌም ብቻ ከሆነ በሳታ ኤስኤስዲና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው የሎዲንግ ልዩነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ መውጣቱ ነው። በደቂቃ 5400 ዙር የሚዞር ዲስክ ትልቅ ፋይል በ100 እና በ140 ሜጋባይት መካከል ያነባል። የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ሲደርስ ግን መርፌው ወዲያ ወዲህ ሲል በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። አቦልህን የሚያስጠጣህ እሱ ነው። ቢሆንም የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ኤንቪኤምኢውን ውሰድ።

ጦሳ_ስር (ደሴ)

ከላይ ያለው ልክ ነው፣ የምጨምረው ስለ ግዢውና ስለ መግጠሙ ነው።

ብሩን ሳትቆጥር ዕቃው በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ይከፈትልህ። የሠራበት ሰዓትና ጠቅላላ የተጻፈበት መጠን ይታያል። «አዲስ» ተብሎ 4,000 ሰዓት ካሳየ ሌላ ቦታ ሂድ። በዩኤስቢ የሚሰኩትን «16 ቴራ» የሚሉ ርካሽ ነገሮች አትንካቸው፤ ሶፍትዌራቸው ስለ መጠናቸው ይዋሻል፣ ቦታው ሲሞላ የቆየው ፋይል ይጠፋል። የሚሞሪ ቺፑ ኪውኤልሲ (በአንድ ሴል 4 ቢት የሚይዝ) ይሁን ቲኤልሲ (3 ቢት የሚይዝ) ጠይቅ። ኪውኤልሲ ለጌም ማስቀመጫ መጥፎ አይደለም፣ ግን 200 ጊጋ በአንድ ትንፋሽ ስትገለብጥበት ፈጣኑ ክፍል ይሞላና ከሃርድ ዲስክ ብዙም ያልተሻለ ፍጥነት ላይ ሊወርድ ይችላል።

ከመግዛትህ በፊት ግን የታችኛውን ክዳን ክፈት። ሁለተኛ ባዶ ኤም ዶት 2 ስሎት ካለህ ክሎን (ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ መገልበጥ) ምናምን የሚባለውን እርሳው፤ ዊንዶውሱ 256ቱ ላይ ይቆይ፣ አዲሱን ለጌም ብቻ አድርገው። ስሎቱ አንድ ብቻ ከሆነ የኤንቪኤምኢ የዩኤስቢ ኬዝ ተውሰህ ክሎንዚላ በሚባለው ፕሮግራም ትገለብጣለህ። በዚያ ጊዜ አስቀድመህ ቢትሎከርን (የዊንዶውስን የዲስክ መቆለፊያ) አጥፋ፤ የዊንዶውስ ሆም ተጠቃሚዎች «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በሚል ስም ሳያውቁት በርቶ ያገኙታል። ቁልፉ ሳይኖርህ ባዮስ ብትነካካ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ይጠይቅሃል። የላፕቶፕህ ባትሪ ካረጀ ደግሞ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት አስብ። ክሎን መሃል ላይ ቢቋረጥ አሮጌው ዲስክ አይጎዳም፣ ከንባብ ሌላ አይደረግበትም፤ እንደገና ትጀምራለህ። ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍልፋይ) ስታሰፋ መብራት ቢጠፋ ግን ዳታህ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

አገጣጠሙ፦ ሺፍት ተጭነህ ሻት ዳውን በል፣ ያለበለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቻርጀሩን ንቀል። በትንሽ ኮከብ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፍታ፣ እንደ አወጣጣቸው ወረቀት ላይ ደርድራቸው፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ካስገባህ የኪቦርዱን ሰሌዳ ከላይ ያሳብጠዋል። ጠርዙን በብረት ሳይሆን ባረጀ ኤቲኤም ካርድ ፈልቅቅ። መጀመሪያ የምትነቅለው የባትሪውን ሶኬት ነው። ከዚያ ብረት ነካ አድርግ፣ በደሴ ብርድ በሹራብ የሚጠራቀም ስታቲክ ቀላል አይደለም። ዲስኩን 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብለህ ወርቁ እስኪሰወር ግፋው፣ ተጭነህ አስተኛውና እሰረው። ብሎኑ እስኪይዝ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አታጥብቀው። ዲስኩ ላይ ያለውን ስቲከር አትላጥ፤ አንዳንዱ ሙቀት የሚያሰራጭ መዳብ ያለበት ነው፣ ዋስትናውም እሱ ላይ ነው።

ሙጋድ_ጌመር

ከፈትኩት፣ ባዶ ስሎት አለ። ግን የዲስኩ ብሎን የለም፣ ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። በስኮች ላጣብቀው?

ጦሳ_ስር

በፍጹም። ስኮች በሙቀት ይለቃል፣ ዲስኩ ቀና ይልና ጌም መሃል ይጠፋብሃል። ኤም 2 በ3 ሚሊሜትር ብሎን በል፤ ላፕቶፕ ጠጋኝ ጋ ከአሮጌ ማሽን የተፈታ አይጠፋም፣ በአብዛኛው ሳንቲም ነው። ጠፍጣፋ ራስ ያለውን ምረጥ።

ቦርከና

ሲበራ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ባይታይ አትደንግጥ፣ ገና ፎርማት አልተደረገም። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ዲስክ ማኔጅመንት፣ ጂፒቲ ምረጥ፣ ከዚያ ኒው ሲምፕል ቮሊውም፣ ኤንቲኤፍኤስ። የተሳሳተውን ዲስክ እንዳትመርጥ መጠኑን እይ፤ 1 ቴራው 931 ጊጋ ብሎ ነው የሚታየው፣ አልተሰረቅክም፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያካፍል ነው።

ጌሞቹን እንደገና ዳውንሎድ አድርገህ ፓኬጅ አታቃጥል። ስቲም ላይ ሴቲንግስ፣ ስቶሬጅ፣ አዲሱን ድራይቭ ጨምር፣ ጌሙን ምረጥና ሙቭ። ኤፒክ ላይ ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም ነው፦ ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ጌሙን አንኢንስቶል አድርግ፣ በአዲሱ ድራይቭ ላይ ኢንስቶል ጀምረህ 1 ወይም 2 በመቶ ሲደርስ አቁምና ውጣ፣ የገለበጥከውን መልሰህ ለጥፍበት፣ ከዚያ ቀጥል በለው። ያለውን ፋይል አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ሙጋድ_ጌመር

ገባልኝ፣ ይሠራል። የፍጥነት መለኪያው ክሪስታል ዲስክ ማርክ 3,400 አሳየኝ። ግን ጂቲኤን ከሃርድ ዲስኩ ሳዛውር 95 ሜጋ ላይ ተቸንክሯል። ተሸወድኩ እንዴ?

ቦርከና

አልተሸወድክም። እየቀዳህ ያለኸው ከሃርድ ዲስኩ ነው፣ እሱ የሚሰጠው ያንን ያህል ነው። 110 ጊጋ ቢሆን 20 ደቂቃ ገደማ ጠብቅ። ለማረጋገጥ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ውስጥ ትራንስፈር ሞድ የሚለውን እይ፤ በግራ አሁን እየሠራበት ያለው፣ በቀኝ ዲስኩ የሚችለው ነው፣ ኤክስ 4 ማለት 4 መስመር ነው። ፒሲአይኢ 3.0 ኤክስ 4 በግራ፣ 4.0 ኤክስ 4 በቀኝ ካለህ ማሽንህ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ እያገኘህ ነው። በግራ ኤክስ 2 ካለ ያ ስሎት ግማሽ መስመር ነው ያለው፤ 1,700 አካባቢ ታያለህ፣ ለጌም አሁንም ይበቃል።

ሙቀቱንም እዚያው ታየዋለህ። ጌም ላይ 60ዎቹ ውስጥ ከሆነ ተወው። ወደ 80 የሚጠጋ ከሆነ ራሱን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳል፤ 1 ሚሊሜትር ተርማል ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) በዲስኩና በክዳኑ መካከል አድርግ። እኛ ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ሳንጠየቅ ነው የምናደርገው፣ እናንተ ደጋዎቹ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ጦሳ_ስር

ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ፊልም ማስቀመጫ ልታደርገው ካሰብክ ኬዙ ዩኤስቢ 3 ይሁን። በዩኤስቢ 2 ከ40 ሜጋ አያልፍም፣ እሱም ቀርፋፋ ነው ያልከውን ዲስክ ከግማሽ በታች ያወርደዋል።