ጥናት ከመጀመሬ በፊት የሐሳብ ካርታ መሥራት ይጠቅመኛል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን ጥናት ለመጀመር እየተዘጋጀሁ ነው። ርእሴ በጥቅሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስልክ አጠቃቀምና እንቅልፍ ነው። ሐሳቤን ለማደራጀት ብዬ ማይንድ ማፕ የሚባለውን የሐሳብ ካርታ ሠራሁ፤ ርእሱን መሐል ላይ አስቀምጬ ቤተሰብ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ የትምህርት ውጤት፣ ጤና እያልሁ ቅርንጫፎች አወጣሁ። ወረቀቱ ሞልቷል፤ ነገር ግን የሚታየኝ የቃላት ስብስብ እንጂ ሊጠና የሚችል ጥያቄ አይደለም። ከዚህ ካርታ የምርምር ጥያቄ እንዴት ይወጣል? ወይስ ካርታውን ትቼ በቀጥታ ወደ ንባብ ብገባ ይሻላል?

ምላሽ 1

ካርታውን አይተዉት፤ የጎደለው በመስመሮቹ ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶኒ ቡዛን በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያስተዋወቀው ዓይነት የሐሳብ ካርታ ከአንድ ማእከል ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚዘረጋ በመሆኑ በአእምሮ ያለውን ሁሉ ለማውጣት እጅግ ምቹ ነው፤ ሁለት ሐሳቦች በምን እንደሚገናኙ ግን እንዲናገሩ አያስገድድዎትም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ በ1972 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሕፃናት ስለ ሳይንስ ያላቸው ግንዛቤ እንዴት እንደሚለወጥ ሲያጠኑ ያዘጋጁት የፅንሰ ሐሳብ ካርታ በዚህ ይለያል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ግንኙነቱን የሚገልጽ ቃል ስለሚጻፍ ሁለቱ ሐሳቦችና መስመሩ አንድ ላይ ሲነበቡ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ።

በእርስዎ ርእስ እንየው። «ስልክ» ከሚለው ወደ «እንቅልፍ» በተሰመረው መስመር ላይ ምን ይጽፋሉ? «የመኝታ ሰዓትን ያዘገያል» ካሉ የሚለካው ተማሪው የሚተኛበት ሰዓት ነው፤ «እንቅልፍን ያቆራርጣል» ካሉ ደግሞ ሌሊት በስልክ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሚነቃ መጠየቅ ይኖርብዎታል። አንድ መስመር የመሰለው ነገር ሁለት የተለያዩ ጥናቶችን ይዟል ማለት ነው። ቀጥሎ የቀስቱን አቅጣጫ ይመርምሩ፤ ስልክ እንቅልፍ ይነሣል ወይስ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ስልኩን ያነሣል? ሁለቱም ሊሆኑ እንደሚችሉ ካመኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ መጠይቅ የትኛው እንደሚቀድም ሊነግርዎ ስለማይችል፣ ወይ ተማሪዎቹን በተለያየ ጊዜ ደጋግመው የሚጠይቁበት ንድፍ ያስፈልግዎታል፣ ወይ ጥያቄዎን በሁለቱ መካከል ዝምድና መኖር አለመኖሩን በማየት ብቻ ይገድቡታል። «ቤተሰብ» ደግሞ ቀስት የሚልከው ወደ ሁለቱም ነው፤ የወላጅ ቁጥጥር የስልኩንም የመኝታ ሰዓቱንም ሊወስን ይችላልና መረጃ ሲሰበስቡ ካላካተቱት፣ ያገኙት ዝምድና ከስልኩ ይሁን ከቁጥጥሩ መለየት ያስቸግራል። አማካሪዎ ፕሮፖዛሉን ሲያዩ ይህንን መጠየቃቸው አይቀርም፤ ከወረቀትዎ ላይ አስቀድመው ቢያገኙት ይሻላል።

ምላሽ 2

ከላይ በተሰጠው ምላሽ እስማማለሁ፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን ልጨምር። ከንባብ በፊት የተሠራ ካርታ የሚያሳየው መስኩን ሳይሆን የእርስዎን የአሁን እውቀት ነው። ብዙ ተማሪዎች እነዚያኑ የመጀመሪያ ቅርንጫፎች ወስደው የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ንዑስ ርእሶች ያደርጓቸዋል፤ ከዚያም እያንዳንዱን የሚደግፍ ጽሑፍ ብቻ ይፈልጋሉ፤ ምዕራፉም ተመራማሪዎች የት እንደተስማሙና የት እንደተለያዩ ሳያሳይ ያልቃል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ካርታው ንጹሕና የተሟላ መስሎ በታየ መጠን ለመለወጥ እጅ አይታዘዝም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ካርታ በአጭሩ ይሥሩና ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት። ጥቂት መሠረታዊ ጽሑፎችን ካነበቡ በኋላ የቀድሞውን ሳያዩ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ይሥሩ፤ ከዚያ ሁለቱን ያስተያዩ። በማስረጃ የተደገፈውን መስመር በደማቁ፣ የራስዎን ግምት በነጠብጣብ ቢለዩት ደግሞ መላምት ሊሆኑ የሚችሉት የትኞቹ እንደሆኑ ወዲያው ይታያል።

ምላሽ 3

ስለ መሣሪያው በአጭሩ፦ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እንደ ፍሪማይንድ ያሉ ፕሮግራሞች የተሠሩት በዋናነት ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ ለሚወርድ ቅርጽ ነው። በመስመር ላይ የግንኙነት ቃል መጻፍና ራቅ ያሉ ሐሳቦችን ማገናኘት ሲፈልጉ ግን በነጻ የሚገኘው ሲማፕ ቱልስ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በየመስመሩ ቃል ልጽፍ ስሞክር አንዳንዶቹ ላይ «ይነካል» ከማለት በቀር የምጽፈው አጣሁ። እነዚህን ላውጣቸው?

ምላሽ 1

ወዲያው አያውጧቸው። «ይነካል» የሚለው ቃል ገና ያላነበቡበትን ቦታ ስለሚያመለክት የንባብ ዝርዝርዎን ከእነዚያ መስመሮች ይጀምሩ። ካነበቡም በኋላ ከዚያ የጠራ ቃል ካላገኙላቸው፣ ወይ ጥናት የሚሻ ክፍተት አግኝተዋል፣ ወይ መስመሩ ለርእስዎ አያስፈልግም፤ ይህንን ለመለየት አማካሪዎን ያነጋግሩ። ከቀሩት ውስጥ ባለዎት ጊዜና አቅም ሊለኩት የሚችሉትን አንድ መስመር ይምረጡ፤ በዙሪያው ያሉትን ሁለት ሦስት ሐሳቦች አብረው ያስቀሩ፤ የተቀሩትን ደግሞ ሳይሰርዙ «የጥናቱ ወሰን» በሚለው ክፍል ውስጥ ለምን እንዳልተካተቱ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጹ።