ኩርኩሚን በናኖ ተሸካሚ፦ እውነት ካንሰር ጋር ይደርሳል?

ሳባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለክፍል ጽሑፍ ስለ ኩርኩሚን እያነበብኩ ነው፣ ያው እርድን ቢጫ የሚያደርገው ማለቴ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል ይገድላል ይላሉ፣ ሰው ሲውጠው ግን ደሙ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። አሁን ደግሞ «ናኖ ከሆነ (እጅግ ጥቃቅን ተሸካሚ ውስጥ ከገባ) ችግሩ ተፈታ» የሚል በየቦታው አያለሁ። የምር ነው ወይስ ወሬ?

ኬሚስቱ፦
ግማሽ በግማሽ። ኩርኩሚን ውኃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ወደ ሰውነት የገባችውን ትንሿንም አንጀትና ጉበት ቶሎ ለዋውጠው ያስወጧታል። ሊፖሶም (ከስብ የተሠራ እጅግ ትንሽ ከረጢት) ወይም ሚሴል (ሳሙና መሰል ሞለኪውሎች የሚሠሩት እጅግ ትንሽ ኳስ) ውስጥ ሲገባ በደንብ ይበተናል፣ ለጊዜውም ይጠበቃል። ግን ሟሟ ማለት ካንሰር አዳነ ማለት አይደለም! ኩርኩሚን በራሱ የማይረጋ ሞለኪውል ነው፣ የላብራቶሪ ምርመራዎችንም እያታለለ የሠራ ያስመስላል። የማይረባ ዕቃ ምርጥ መኪና ላይ ብትጭኚው ያው የማይረባ ዕቃ ነው የሚደርሰው።

ፋርማሲስቷ፦
በኬሚስቱ እስማማለሁ፣ ግን ሳባ፣ ለጽሑፍሽ ከኩርኩሚን ይልቅ ፓክሊታክሰል የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ብትይዢ ይሻልሻል። መጀመሪያ የተገኘው ዪው ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ1992 ጸደቀ። እሱም ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ ክሬሞፎር በሚባል ፈሳሽ ነበር የሚሰጠው፤ ፈሳሹ ራሱ ከባድ አለርጂ ስለሚያስነሳ በሽተኛው አስቀድሞ ስቴሮይድ መውሰድ ነበረበት። በ2005 አብራክሴን መጣ፦ ያው ፓክሊታክሰል ከአልቡሚን ፕሮቲን ጋር ተያይዞ፣ 130 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ሆኖ፣ ያለ ክሬሞፎር። ልብ በይ፣ መድኃኒቱ ካንሰር ላይ እንደሚሠራ በሰው ላይ ቀድሞ ታይቷል። ናኖው የፈታው የማድረሱን ጣጣ ነው። በ2015 የጸደቀው ሊፖሶም ውስጥ ያለ አይሪኖቴካን የሚባል የካንሰር መድኃኒትም እንደዚሁ ነው፣ መነሻው ካምፕቶቴሲን የሚባል የዕፅዋት ውህድ ነው።

ሳባ፦
እሺ፣ ግን ናኖው ዕጢውን ፈልጎ ያገኛል የሚሉትስ?

ኬሚስቱ፦
እሱ በጣም ተጋንኗል። የዕጢ ደም ሥሮች ስለሚያፈሱ ናኖው እዚያ ይጠራቀማል የሚለው ሐሳብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። በ2016 ብዙ የእንስሳት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ግን ከተወጋው መጠን ዕጢው ጋር የደረሰው፣ የጥናቶቹ መካከለኛ ውጤት (ሚዲያን) ሲታይ፣ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛውን የሚለቅሙት ጉበትና ጣፊያ ናቸው።

ዳዊት፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እናቴ ኬሞ ላይ ናት፣ «ናኖ ኩርኩሚን» የሚል እንክብል ልገዛላት ነበር።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትስጣት። ኩርኩሚን አንዳንድ መድኃኒቶች ጉበት ውስጥ የሚብላሉበትን መንገድ ሊነካ ይችላል፣ ጉበት የተጎዳባቸው ሰዎችም አሉ፣ በተለይ በደንብ እንዲመጠጥ ተደርጎ ከተሠራው። አሁን የምትወስደውም ካለ ስሙንና መጠኑን ለሐኪሟ ንገር።