ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የአዘዞው ቤት፣ ባጃጁና የባንክ ብሩ ሰማንያው ላይ እንዴት ይጻፍ?

ጠያቂ (የጥር ሙሽራ)፦ እጮኛዬ ጎንደር፣ አዘዞ በስሙ ቤት አለው፤ ሁለት ክፍል ያከራያል። እኔ ባጃጅና ባንክ ውስጥ 300,000 ብር አለኝ። በብሩ ጓሮው ላይ ሰርቪስ እንሥራ ይላል። እናቱ ደግሞ «ሽማግሎች ሰማንያ ያስፈርሟችኋል፤ ሌላ ወረቀት ለምን?» ይላሉ። ምን ብንጽፍ ይሻላል?

የአራዳው፦ እህቴ፣ ሰማንያውም እኮ ውል ነው። አደጋው የተዘጋጀው ፎርም ላይ ነው፤ «ያለንም የምናፈራውም እኩል» የሚል አለበት። ቀድማችሁ ዝርዝር ውል ጽፋችሁ በሰርጉ ዕለት ያንን ብትፈርሙ ይጋጫሉ። ዝርዝሩን ራሱን ሰማንያ አድርጉት፤ አማትሽም ቅር አይላቸው። ምስክር 4 ነው፣ ካንቺ ወገን 2 ከሱ ወገን 2። አንድ ቅጂ ፍርድ ቤት ወይም ጋብቻ መዝጋቢው ዘንድ ይቀመጥ። ከሰርጉ ዕለት እንዳያልፍ! ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚዋዋሉት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ጃንተከል፦ ኪራዩን ማንም አላነሳውም። ቤቱ የግሉ ሆኖ ይቀራል፤ ከጋብቻው ጀምሮ የሚገባው ኪራይ ግን የጋራ ነው። የባጃጁም ገቢ እንዲሁ። ሌላ ካሰባችሁ በውሉ ይግባ።

ሰርቪሱ ላይ ጠንቀቅ በይ። ካርታውም የግንባታ ፈቃዱም በሱ ስም ነው፤ ብርሽ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ ይመጣል። ብሩ የግልሽ መሆኑንና ለሰርቪሱ መዋሉን፣ ብትለያዩ ምን እንደሚደርስሽ አስጽፊ። «300,000 ይመለስላት» ብቻ ከተባለ ከ10 ዓመት በኋላም ያው 300,000 ነው፤ በድርሻ ቢጻፍ ይሻላል። የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ በስምሽ ይቆረጥ።

ቀለም ቀንድ፦ ከሰርጉ በፊት የባንክ ስቴትመንት በማኅተም አውጪ፤ ከዚያ ደመወዝሽን በሌላ ሒሳብ ተቀበይ። ከተደባለቀ የግል ነው የሚለው አካል ያስረዳ ይባላል፤ ሕጉ የሚጀምረው የጋራ ነው ከሚለው ግምት ነውና። የባጃጁ ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር ውሉ ላይ ይግባ። ሸጠሽ ሌላ ከገዛሽ ግን በራሱ የግልሽ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት የግል ነው እንዲልልሽ አመልክቺ።

የአራዳው፦ ከአዲስ አበባ የመጣ ናሙና አትገልብጡ። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ እዚህ የሚሠራው የአማራ ክልሉ አዋጅ 79/1995 ነው፣ የአንቀጽ ቁጥሩ ይለያያል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ወንድሙ ለባንክ ብድር ዋስ ሁነኝ እያለው ነው፤ እሱስ?

ጃንተከል፦ ከተጋባችሁ በኋላ ያለ አንቺ ስምምነት ዋስ መሆን፣ የጋራ ቤት መሸጥም ማስያዝም አይችልም። ሳታውቂ ከተደረገ በፌደራሉ ሕግ ማፍረሻው ካወቅሽ 6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ነው። ከሰርጉ በፊት ከፈረመ ግን ይህ አይሠራም፤ አሁኑኑ ጠይቂው።