የተረከብኩት ስክሪፕት በሼል ትዕዛዝ ተሞልቷል፤ ወደ ፓይተን ልገልብጠው?

አዲስ_ተረካቢ

ሰላም ጓዶች። ከሌላ ሰው የተረከብኩት ስክሪፕት አለ። በየሌሊቱ በክሮን (ሥራን በተባለው ሰዓት በራሱ በሚያስጀምር ፕሮግራም) ይነሳና የሎግ ፋይሎችን ይሰበስባል፣ ያረጁትን ጨምቆ ያስቀምጣል፣ የተረፈውን ያጠፋል። ፓይተን የምለው ለወጉ ነው እንጂ ከሁለት መስመር አንዱ ኦኤስ ሲስተም (ትዕዛዝን ለሼል፣ ማለትም ትዕዛዝ ተቀብሎ ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ የሚሰጥ የፓይተን ፈንክሽን) ነው፤ ሲፒ (ኮፒ ማድረጊያ)፣ ኤምቪ (ማዛወሪያ)፣ አርኤም (ማጥፊያ)፣ ግሬፕ (ቃል መፈለጊያ)፣ ታር (ፋይሎችን አንድ ላይ ማሸጊያ)፣ ያልተጠራ ትዕዛዝ የለም። ይሠራል። ግን አንዳንዴ ግማሹን ሠርቶ "ተጠናቀቀ" ብሎ ያድራል፣ የት ላይ እንደተሰናከለም ትንፍሽ አይልም። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ ላይም ይሥራ ተባለ። ሁሉንም በፓይተን የራሱ ፈንክሽኖች ልተካው ወይስ የሚሠራን ነገር አትነካካ ትሉኛላችሁ? ፍጥነቱስ?

ጥቁር_ስክሪን

ዝም የሚልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኦኤስ ሲስተም ትዕዛዙ ሲከሽፍ ኤረር አያነሳም። ቁጥር ይመልሳል፣ በቃ። ቁጥሩን የሚያይ ኮድ ከሌለ ስክሪፕቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ሹቲል (የፓይተን የራሱ የፋይል ሥራ ላይብረሪ) ግን ፋይሉን ካጣው ወይም ፈቃድ ከሌለው እዚያው ቀጥ ይላል፣ የትኛው ፋይል እንደሆነም ስሙን ጠርቶ ይነግርሃል።

የባሰው ግን የፋይል ስም ነገር ነው። "ዳታ አሮጌ" የሚባል ፎልደር አለ እንበል፣ መሀሉ ክፍት ቦታ ያለው። ስክሪፕቱ ስሙን ከ"አርኤም -አርኤፍ" ጋር አጣብቆ ለሼል ይሰጠዋል። ሼል የሚያየው ሁለት ስም ነው፦ "ዳታ" እና "አሮጌ"። አጠገቡ "ዳታ" የሚባል ጤነኛ ፎልደር ካለ ድራሹ ይጠፋል። "አሮጌ" የሚባል ነገር የለም፣ ግን "-ኤፍ" ስላለ አርኤም አያጉረመርምም፤ ዜሮ መልሶ፣ ማለትም ተሳካ ብሎ፣ ይወጣል። መጥፋት የነበረበት "ዳታ አሮጌ" እዚያው ቁጭ ብሏል። ስለዚህ የተመለሰውን ቁጥር ብትፈትሽም ምንም አይታይህም። በሹቲል አርኤምትሪ (ፎልደርን ከነይዘቱ በሚያጠፋው ፈንክሽን) ይሄ አይደርስም፣ ምክንያቱም ሼል መሀል አይገባም። ስሙ ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነማ ጭራሽ አትጠይቀኝ፣ አንድ ሴሚኮለን አስገብቶ የፈለገውን ትዕዛዝ ያስኬድብሃል።

ቀስ_በቀስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን በአንድ ቀን ሁሉንም አትገልብጥ። ሉፕ ውስጥ ካሉት ጀምር። ኦኤስ ሲስተም በተጠራ ቁጥር አዲስ ሼል ይነሳል። ለአንድ ፋይል አይሰማህም፤ ፋይሉ በሺዎች ሲሆን ግን ሰዓቱን የሚበላው ሥራው ሳይሆን ፕሮሰስ ማስነሳቱ ይሆናል።

ስትተካ ደግሞ ትዕዛዙ ራሱ ያደርግልህ የነበረውን ነገር አትርሳ፣ ሰው የሚያልቅበት እዚህ ላይ ነው። "ሲፒ -ፒ" የሚል ካለ ምትኩ ሹቲል ኮፒ አይደለም፣ ኮፒ2 ነው። ኮፒ የፋይሉን ቀን ይዞ አይሄድም፣ አንተ ደግሞ "ያረጀ" የምትለውን በቀኑ የምትለይ ከሆነ ሁሉም ፋይል የዛሬ ሆኖ ያርፈዋል። ኤምቪን በኦኤስ ሪኔም አትተካው፣ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላው ሲሆን ይከሽፋል፤ ሹቲል ሙቭ ግን ራሱ ኮፒ አድርጎ የድሮውን ያጠፋል። "ኤምኬዲር -ፒ" (ፎልደር መፍጠሪያው) ቀላል ነው፣ ፓዝሊብ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ አለ፣ ፓረንትስን እና ኤግዚስት ኦኬን ትሩ አድርጋቸው።

ብዙ ፋይል በአንዴ የሚጠራውን ኮከብ ምልክት (*) ተጠንቀቀው። ሼል ፋይሎቹን በስም ደርድሮ ይሰጥሃል፣ ያንኑ የሚሠራው የፓይተን ግሎብ ግን ለቅደም ተከተል ዋስትና የለውም። ስክሪፕቱ "የመጨረሻው ፋይል አዲሱ ነው" ብሎ የሚሄድ ከሆነ ሶርትድ (የፓይተን መደርደሪያ ፈንክሽን) ውስጥ ክተተው። የፓዝሊቡ ግሎብ ደግሞ በነጥብ የሚጀምሩ ድብቅ ፋይሎችንም ይዞ ይመጣል፣ ሼል ግን በነባሪው ይዘላቸዋል። ልታጠፋ ስትል ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቧንቧ_ሠሪ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁሉን ነገር ፓይተን ማድረግም አባዜ ነው። እንደ ጊት፣ አርሲንክ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ያሉ የውጭ ፕሮግራሞች ምትክ የላቸውም፣ ጥራቸው። በሰብፕሮሰስ ረን (የውጭ ፕሮግራም በሚያስነሳው የፓይተን ፈንክሽን) ብቻ ጥራቸው፣ ትዕዛዙን እንደ አንድ ጽሑፍ ሳይሆን በሊስት ስጠው፣ ቼክን ትሩ አድርግ። ያኔ ሼል የለም፣ ሲከሽፍም ኤረር ይነሳል። ጥቁር_ስክሪን የዘረዘረው ችግር ሁለቱም ተፈታ ማለት ነው።

ፍጥነት ላይ፣ ትልቅ ፋይል ውስጥ ተራ ቃል ፍለጋ ከሆነ ግሬፕን አትደርስበትም። ዊንዶውስ ላይ ግሬፕ በራሱ ስለማይመጣ ግን ለአንተ ምርጫው ያለቀለት ነው፣ መስመር በመስመር አንብብ። ኢንኮዲንጉንም ዩቲኤፍ-8 ብለህ ጻፈው፣ ዊንዶውስ የራሱን እንዳይገምትልህ። ሶርት ሌላ ጉዳይ ነው፦ ሊኑክስ ላይ ያለው ሶርት ፋይሉ ከሜሞሪ ሲበልጥ ጊዜያዊ ፋይል ዲስክ ላይ እየጻፈ ይደረድራል፣ የፓይተን ሶርትድ ግን ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ካልጫነ አይጀምርም።

አዲስ_ተረካቢ

ተባረኩ። የሚያጠፋውን ክፍል ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። አንድ ቀረኝ፦ ግሬፕ፣ ሶርት (መደርደሪያ)፣ ዩኒክ -ሲ (ተመሳሳይ መስመሮችን መቁጠሪያ)፣ ሶርት -አርኤን (ከትልቅ ቁጥር ወደ ትንሽ መደርደሪያ)፣ ሄድ (የመጀመሪያዎቹን መስመሮች መውሰጃ) በቧንቧ፣ ማለትም የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ እየተሰጠ፣ ተሰካክተው በብዛት የተደጋገሙ 10 ኤረሮችን የሚያወጡበት መስመር አለ። ይሄስ ይፈታል?

ቧንቧ_ሠሪ

ይሄማ በጣም ያምራል። ኮሌክሽንስ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ካውንተር የሚባል ቆጣሪ አለ። ፋይሉን በመስመር እያነበብክ "ኤረር" ያለበትን ለካውንተር ስጠው፣ መጨረሻ ላይ ሞስት ኮመን 10 በለው። የመጀመሪያው ሶርት የገባው ዩኒክ የሚያየው ጎን ለጎን ያሉ መስመሮችን ብቻ ስለሆነ ነበር፣ ካውንተር ያንን አይፈልግም። ሜሞሪ ላይ የሚይዘውም ልዩ ልዩ የሆኑትን መስመሮች ብቻ ነው። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሰዓት ካለ ግን ቆርጠህ ጣለው፣ አለዚያ ሁሉም ልዩ ይሆንና ሁሉም አንድ አንድ ብሎ ይመጣል። በነገራችን ላይ ቧንቧው በነባሪው የሚመልሰው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ውጤት ነው። ግሬፕ ፋይሉን ቢያጣውም ሄድ "ተሳካ" ይላል፣ ስክሪፕትህ "ተጠናቀቀ" የሚለው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም፣ መጀመሪያ እሱን እየው።