ትናንሽ ጥንዶችና ተከታታይ ካርታዎች፦ መቼ ይያዛሉ፣ መቼ ይጣላሉ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት (ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ታድሎ አምስት የጋራ ካርታዎች ጠረጴዛ ላይ የሚገለጡበትን) እንጫወታለን። መደባችን ገንዘብ ሳይሆን የቡና ፍሬ ነው፤ እያንዳንዳችን በ100 ፍሬ እንጀምራለን፣ ካርታ ከመታደሉ በፊት የሚቀመጠው የግዴታ መደብም 1 እና 2 ፍሬ ነው። ጥያቄዬ እንደ ሁለት አምስት፣ ወይም እንደ ስፔድ 7 እና 6 ያሉትን ካርታዎች ይመለከታል፤ ሲታደሉ ደካማ ናቸው፣ ከሚገለጡት ጋር ከገጠሙ ግን ብርቱ ይሆናሉ። ከእኔ በፊት ያለው ተጫዋች መደቡን ወደ 8 ፍሬ ቢያሳድገው ልከተለው ወይስ ልጣል? ከመካከላችን ምልክታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ካርታዎች በሙሉ ሊያዙ ይገባል የሚል ወዳጅ አለ፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም።

ስሌት ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ከሁለቱ አምስቶች እንጀምር። መጀመሪያ በሚገለጡት ሦስት ካርታዎች ላይ ሌላ አምስት የማግኘት ዕድልዎ 12 በመቶ ገደማ ነው። አንዴ ሲሳካልዎ በአማካይ ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል አይሳካልዎትም፤ በእያንዳንዱም 8 ፍሬ ጥለው ስለሚወጡ ኪሳራው 60 ፍሬ ይደርሳል። መሐል የተቀመጠው የአሳዳጊው 8 እና የግዴታው 3 ፍሬ በድምሩ 11 ስለሆነ፣ በተሳካልዎ ቁጥር ከተጋጣሚዎ ተጨማሪ 49 ፍሬ መውሰድ ይኖርብዎታል። እሱ ዘንድ የቀረው 92 ብቻ ነው፤ ጠንካራ ካርታ ካልያዘ ደግሞ ቶሎ ይጥላል፤ ሦስት አምስት ይዘው የሚሸነፉበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ይጣሉ። መደቡ ያላደገ ከሆነና በ2 ፍሬ ብቻ ማየት ከቻሉ ግን ያለ ማመንታት ይከተሉ። ሁላችሁም በ200 ፍሬ ብትጀምሩ የ8 ፍሬው መልስም ይለወጣል፤ የእነዚህ ካርታዎች ዋጋ ያለው ገና ባልተጫወታችሁበት ፍሬ ውስጥ ነውና።

ተከታታይ፦
በወዳጅዎ አባባል ላይ ልጨምር። የምልክት መመሳሰል ለካርታዎቹ የሚጨምረው የማሸነፍ ዕድል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ፍላሽ (ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታዎች) ሙሉ ሆኖ የሚመጣው ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ አራት ካርታ ይዞ አምስተኛውን መጠበቅ የሚያጋጥመው 11 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ቀሪዎቹን ሁለት ካርታዎች እስከ መጨረሻ ቢያዩም የሚሞላው 35 በመቶ ብቻ ነው። 7 እና 6 ከፍላሽ ሌላ ስትሬት (ቁጥራቸው የሚከታተል አምስት ካርታዎች) የመሥራት ዕድል ስላላቸው ይሻላሉ። ንጉሥና 4 ግን ምልክታቸው ቢመሳሰልም የሚያጓጉ ወጥመድ ናቸው፤ ንጉሥ ሲወጣ ይደሰታሉ፣ የተሻለ አጋር ያለው ንጉሥ የያዘ ሰው ግን ይበላዎታል። 7 እና 6ንም ቢሆን መጨረሻ ላይ የመወሰን ተራ ሲኖርዎ እንጂ መጀመሪያ ተናጋሪ ሆነው አይጫወቷቸው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ቡና ስለሆነ ብዙ ሰው ይከተላል። ይህ ስሌቱን ይለውጠዋል?

ስሌት ወዳድ፦
በሚገባ። አሳዳጊውን ሁለት ሰዎች ከተከተሉት መሐል 27 ፍሬ ይኖራል፤ ያን ጊዜ የሚጎድልዎት 33 ነው፣ እሱንም ከሦስት ሰዎች መሰብሰብ ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ ሁለቱን አምስቶች ይያዙ። ከእርስዎ በኋላ ተራ ያለው ሰው እንደገና ሊያሳድግ እንደሚችል ከጠረጠሩ ግን ይተዉት፤ 8 ፍሬ የነበረው ክፍያ 25 ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ተከታታይ፦
ለ7 እና 6 የሰው ብዛት ጥቅሙ እንዲህ የጠራ አይደለም። ፍላሽዎ በ7 የሚመራ ስለሆነ፣ ተከታዮች በበዙ ቁጥር ከፍ ያለ ካርታ በዚያው ምልክት የያዘ ሰው የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። በተለይ አራተኛው ስፔድ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ፣ ትልቅ ውርርድ ሲመጣ መጣልን አይፍሩ።